ጫት ያልበቀለባት መደብ

ሚኒባሱ ከጭሮ መናኸሪያ ወጥቶ የመሰላን መንገድ ሲይዝ ሳህሊቱ ገና ነጠላዋን ከበሩ ላይ እየጎተተች ነበር። ረዳቱ በሩን ሲወረውረው የነጠላዋን ጫፍ አብሮ ዘግቶባት ነው። "ቀስ በል አንተ! ሰው ነው የጫንከው!" ብላ ጮኸችበት። ረዳቱ ሰምቶ እንዳልሰማ ጣሪያውን ደበደበና "ሳበው!" አለ።

ከጎኗ የተቀመጠው እንዳሻው ይህን ሁሉ አላየም። ክራቫት አስሮ፣ ጥቁር ቦርሳውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እንደ ሚዜ ቀጥ ብሏል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት አብረው የተማሩ ናቸው። እሱ ዛሬ በጭሮ ካሉት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ሽማግሌ ሆኖ ያገለግላል፤ የአካባቢውን አማኞች ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ ከተነሣም ዓመታት አልፈዋል። የጻፈው ግን እስካሁን መቅድሙን ብቻ ነው።

"ሳህሊቱ፣ ዛሬ እኮ የጠፋችውን ቤተ ክርስቲያን ልናገኛት ነው። አሜን በይ እንጂ።"

"አንተ ቤተ ክርስቲያኗን አግኝ፤ እኔ የምፈልገው እድሩ የሚቆፍርበትን ቦታ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ወንጌላዊ ህሩይ ከሆስፒታል "ቤታቸው ይረፉ" ተብለው ከተመለሱ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። እህል እምቢ ብለዋል፤ ከአንደበታቸው የማይጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ከወሰንየለሽ አጠገብ ቅበሩኝ" ይላሉ። ወሰንየለሽ የሳህሊቱ እናት ናት። ሳህሊቱ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ህሩይም በደርግ እስር ቤት ሳሉ፣ ከመሰላ ወዲያ ኦዳ ቡርቃ በምትባል ገጠር ሞታ ተቀበረች። በዚያች ገጠር የፈረንጅ ሚሲዮኖች የተከሏት የባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ህሩይ ሰባኪዋም፣ ደወል መቺዋም፣ ጣሪያዋ ሲያፈስ ጠጋኟም ነበሩ። እስር ቤት ድረስ በሰው በሰው የደረሳቸው ቃል አጭር ነበር። "ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ቀብረናታል" የሚል።

ቤተ ክርስቲያኗ ግን ዛሬ የለችም። የት እንደነበረች ሲጠየቁ ህሩይ አንድ ቀን "ዋርካው ሥር" ይላሉ፣ በማግስቱ ደግሞ "ምንጩ ዳር"። ሳህሊቱ እርጅና ነው ብላ አልፋው ነበር። ትናንት የእድሩ ዳኛ በሩ ላይ ነጥሎ ወስዷት "ክፉ አያሰማን እንጂ፣ ምናልባት ቢሆን የት ነው የሚቆፈረው?" ሲላት ግን ለእንዳሻው ደወለች።

አባቷ ከእስር እንደተፈቱ አንድ ጊዜ ወደዚያ ሄደው ነበር። ዋርካው ሥር ማሽላ በቅሎ፣ ምንጩ ዳር ባዶ ሜዳ ሆኖ አገኙት። የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከተፈታ እስረኛ ጋር ቆሞ ማውራት የራስን ስም ለአብዮት ጥበቃ አሳልፎ መስጠት ነው። መቃብሯን አርሰውታል ብለው በመጡበት እግራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የኦዳ ቡርቃን ስም አንሥተው አያውቁም፤ ልጃቸውም አልጠየቀችም። ሳህሊቱን ያሳደገቻት አክስቷ ወለተጊዮርጊስ ናት፤ ማተብ አስራ፣ ጾም አስጹማ፣ በደብረ ታቦርም በጥምቀትም ነጠላ አልብሳ። የእናቷ ነገር ሲነሣ አክስቷ "በሽታ ወሰዳት" ብላ ወሬውን ትለውጣለች። ሳህሊቱም ያለ እናት ማደጉን ለምዳው፣ ሱቅ ከፍታ፣ ልጅ ወልዳ፣ ሃምሳ ዓመት ሞላት። ሰሞኑን አባቷ የሚስታቸውን ስም እየደጋገሙ ሲጠሩ ነው ውስጧ የተረበሸው።

መሰላ ላይ ባጃጅ ያዙ። ሾፌሩ ሑዘይፋ ጉንጩን በጫት ነፋ አድርጎ "ኦዳ ቡርቃ? ምን አለና?" አለ።

"ታሪክ አለ" አለው እንዳሻው።

"እንግዲያ አስፓልት ሳይኖራት ታሪክ ካላት ጥሩ ነው" አለና ማርሽ አስገባ።

መንገዱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ይወጣል። በግራም በቀኝም ጫት ነው፤ በረድፍ በረድፍ ተተክሎ እርከኑን ተከትሎ ይሄዳል። ሳህሊቱ የባጃጁን ብረት ጨብጣ ስትመለከት፣ ከአንድ የድንጋይ ካብ ወዲህ ያለው ረድፍ መሃል ላይ በድንገት ይሰበራል። እዚያ ሣር ብቻ የበቀለባት፣ በድንጋይ የተከበበች መደብ አለች፤ ከወዲያዋ ረድፉ እንደገና ይቀጥላል። ጫት እንዲህ በተወደደበት ዘመን መሬት ጦም የሚያሳድር ሰው አለ? አለች በሆዷ። ባለቤቱ ሰነፍ መሆን አለበት።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ኮፊያ ያጠለቁ አዛውንቶች ጥላ ላይ ተቀምጠዋል። እንዳሻው ሰላምታ ሰጥቶ ጉሮሮውን ጠረገና ጉባኤ ፊት እንደቆመ ሁሉ "አባቶች፣ በዚህ ቀበሌ የባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን ነበረች ይባላል። ቦታዋን የሚያውቅ አለ?" አለ።

"እዚሁ ናት እንጂ!" አሉ አንደኛው፣ በመፋቂያቸው ወደ ማሽላው እየጠቆሙ። "ያ ጋ በር፣ ይሄ ጋ መስኮት። ፈረንጁ መኪናውን የሚያቆመው ደግሞ አሁን አንቺ የቆምሽበት ላይ ነው።"

ሳህሊቱ ሳታስበው አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። ከዚያ ማሽላውን በዓይኗ ፈተሸች። የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በጽድና በወይራ የተከበበ፣ አጥር ያለው፣ በአጥሩ ውስጥ ሙታኑን ሰብስቦ የያዘ ነው። እዚህ ግን ከማሽላ በቀር ምንም የለም። አዛውንቱን "መቃብርስ?" ብላ ለመጠየቅ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ቤተ ክርስቲያኗ ከተገኘች መቃብሩ የት ይሄዳል ብላ ተወችው። ደግሞም ለማያውቁት ሰው በመጀመሪያ ቃል ስለ ሙት ማንሣት ደስ አላላትም።

እንዳሻው በስልኩ ፎቶ እያነሣ ሳለ ያረጀ ካኪ ካፖርት የለበሰ ሰው እየተጣደፈ መጣ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። "ማን ነው ዋርካው ያለ? ውሸት! ቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ቤታችን ግቢ ነበረች። ደወሏ እንኳ አለ፤ ኑ፣ በዓይናችሁ እዩ!"

ሄደው አዩ። ከግራር ቅርንጫፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የላንድሮቨር ቸርኬ ነው። ዘበኛው በብሎን መታው። ሳህሊቱ ደነገጠች። አባቷ ስለዚያ ዘመን ካወሯት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር፤ ሚሲዮኖቹ ትተውት የሄዱት ቸርኬ፣ እሁድ እሁድ በብሎን የሚመቱት። ድምፁ አገሩን ሁሉ ሞልቶ ተመለሰ።

"እንግዲያ እዚህ ናት" አለች።

"ዋርካውስ?" አለ እንዳሻው። ክራቫቱን ፈታ አደረገ። "ሰውየው በሯን፣ መስኮቷን ሳይቀር አሳይተውን የለ?"

"ምን አውቃለሁ? አንተ አይደለህ የታሪክ ሰው? ቤተ ክርስቲያን እኮ እንደ ድንኳን አይነቀልም። ታቦት የገባበት ቦታ ለዘላለም ቦታው ነው።"

"እኛ ታቦት የለንም።"

"ታዲያ ቦታውን ምን ይይዘዋል?"

እንዳሻው ቸርኬውን ፎቶ አነሣ። ዘበኛው አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየ የሚጣሉ መስሎት "ሻይ ላፍላ?" አለ። አባቷ ስለ ትምህርት ቤት አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። የቀረው ምንጩ ነው።

ምንጩ ዳር አንዲት አሮጊት ጀሪካን እየቀዱ አገኙ፤ ስማቸው ፈይሩዝ ነው፤ የአገሩ ሰው በአክብሮት አዴ ፈይሩዝ ይላቸዋል። እንዳሻው ያንኑ ጥያቄ ደገመ፤ አሁን ግን ድምፁ የጉባኤ ድምፅ አልነበረም።

"ቤቷ? ይኸው፣ እዚህ ነበረች" አሉ አሮጊቷ ሳይጨነቁ። "ሰውን ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። እኛ ልጆች ነን፣ ተደብቀን እንስቃለን። ወላሂ፣ አንዱ ወፍራም ሰውዬ እንደ ጎሽ ነው የወጣው።"

ሦስት ቦታ። እንዳሻው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ግንባሩን ያዘ። "አንዱ ይዋሻል" አለ። "ወይም ሁሉም ይዋሻሉ። ወይም ደግሞ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ሦስት ከነበረ ግን እንዴት አንዱን እንኳ የጻፈው ሰው ጠፋ?"

ሳህሊቱ አልሰማችውም። አባቷ የተናገሩት ሁለቱም ቦታ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ያባባሰው ደግሞ ይሄው ነው። እርጅና ነው ብላ ማለፍ እንኳ አልቻለችም። ዋርካው ሥር ማሽላ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ አቧራ፣ እዚህ ጭቃ። አባቷ ዛሬ ማታ "አገኘሽ?" ይሏታል። ምን ልትላቸው ነው? ያን ሁሉ ዓመት ሳትጠይቅ ኖራ፣ በጠየቀችበት ቀን አገሩ ሁሉ እየተቀባበለ ያላግጥባታል። ብስጭትም ኃዘንም አንድ ላይ መጡባት።

"ምን አደከመኝ! እኔ ምን ገዶኝ ለቤቷ!" አለች ለማንም ሳይሆን። "እናቴን ነው የምፈልገው!"

አዴ ፈይሩዝ ጀሪካኑን ቀና አደረጉ። "እናትሽ ማን ናት?"

"ወሰንየለሽ። የወንጌላዊ ህሩይ ሚስት። እዚህ ነው የሞተችው።"

የአሮጊቷ ጀሪካን ሞልቶ እግራቸው ላይ ሲፈስ አላስተዋሉም። ቀርበው መጡና የሳህሊቱን አገጭ በእርጥብ እጃቸው ያዝ አድርገው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ሳሊ? አንቺ ሳሊ ነሽ?"

በዚህ ስም የጠራት ሰው አልነበረም። ቢሆንም ስሟ መሆኑን አወቀች።

"እኔ ነኝ ያዘልኩሽ! በዚህ ጀርባ!" አሉ አዴ ፈይሩዝ ጀርባቸውን እየመቱ። "አዴ ወሰን ስትሞት አባቴ በቅሎ ጭኖ አሰበ ተፈሪ፣ የአሁኑ ጭሮ፣ ወሰደሽ፣ አክስትሽ ጋ። በቅሎዋን ፈርተሽ ስታለቅሺ እኔ አዝዬሽ ሄድኩ።" ከዚያ ተቆጡ። "ታዲያ ከጠዋት ቤት ቤት ትያለሽ! ባጃጃችሁ ሲያልፍ አይቻለሁ። ቤት ጠየቃችሁ፣ ሰው ቤት አሳያችሁ። የአዴ ወሰን መቃብር ብትይ ሕፃን ልጅ ይወስድሽ ነበር!"

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ትላት ነበር ወለተጊዮርጊስ። ሳህሊቱ ጀሪካኑን ከአሮጊቷ ተቀበለችና ተከተለቻቸው። ከኋላቸው እንዳሻው "ግን የትኛው ነው ትክክለኛው?" እያለ በዳገቱ ያለከልካል።

አዴ ፈይሩዝ የወሰዷቸው ወንድማቸው ኦቦ ሙሄዲን ጋ ነው። ሙሄዲን ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ የጫት ቅርንጫፍ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ ነበር። እህታቸው በኦሮምኛ የነገሯቸውን ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ተነሡ። "አልሐምዱሊላህ" ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ በጫቱ መሃል መሩአቸው።

ወደ ድንጋዩ ካብ ሲቃረቡ ሳህሊቱ ቀድማ ቆመች። ጠዋት ከባጃጅ ያየቻት ሣር ያለባት መደብ ናት። ሰነፍ ያለችውን አስታውሳ ፊቷ ጋለ።

"ቤቷ መጀመሪያ ዋርካው ሥር ነበረች፤ ያሉሽ እውነት ነው" አሉ ኦቦ ሙሄዲን። "ከዚያ አባትሽ ውሃ ስለሚፈልግ፣ ለመንከር፣ ወደ ምንጩ እንውሰዳት አለ። ጉዛ ጠራን።"

"ጉዛ?" አለ እንዳሻው።

"ሰው ተሰብስቦ አንዱን የሚያግዝበት። ታርሳለህ፣ ታጭዳለህ፣ ቤትም ታነሣለህ። የሣር ክዳን ነው፤ ግድግዳውን ከመሬት ትነቅላለህ፣ ከሥሩ እንጨት ትሰዳለህ፣ መንደሩ ሁሉ በትከሻው ይሸከማል። እየዘፈኑ ነው የሚሄዱት። እዚህ አገር ሁሉም ቤቱን እንደዚህ ነው የሚያዞረው።"

ሳህሊቱ እንዳሻውን አየችው፤ እንዳሻው ክራቫቱን ጨርሶ ፈቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"አባትሽ ሲታሰር ካድሬው 'አፍርሷት' አለ። አባቴ ኡመሬ ደግሞ ጥሩ ጣሪያ ለምን ይፈርሳል አለ። እንደገና ጉዛ ጠራ፤ በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከምንጩ አንሥተን ወደዚህ። ካድሬው መንገድ ላይ አግኝቶን 'ምንድን ነው እሱ?' አለ። 'የኡመሬ ጎተራ ነው' አልን። ማሽላ የሌለበት ጎተራ!" ኦቦ ሙሄዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ካድሬው ቸርኬዋን ብቻ ለመሠረተ ትምህርት ብሎ ወሰዳት። ትምህርት ቤቱ ያኔ ነው የተጀመረ። ክርስቲያኖቹ ሰው እስኪጠፋ ድረስ እሁድ እሁድ እዚህ ይገቡ ነበር፤ ማሽላ ሊሰፍሩ እየመሰሉ።"

"ከዚያስ?" አለ እንዳሻው። "ቤተ ክርስቲያኗ ምን ሆነች?"

"ምስጥ በላት።"

እንዳሻው ሌላ ነገር የሚጠብቅ ይመስል አንገቱን እንዳሰገገ ቀረ።

"እናቴስ?" አለች ሳህሊቱ።

"ትኩሳት ገባ፤ ብዙ ሰው ሞተ። እሷ ስትሞት የእናንተ ሰዎች ግማሹ ታስሮ፣ ግማሹ ሸሽቶ ነበር። ከእኛ መቃብር አይሆንም፣ ሃይማኖቷ ሌላ ነው። መሰላ ቤተ ክርስቲያን ወሰድን፣ እነሱም ሃይማኖቷ ሌላ ነው አሉ። ያኔ አባቴ 'ማሳዬ ሃይማኖት የለውም' አለና እዚህ ቆፈረ። የእናንተን ጸሎት የሚያውቅ የለም። ፈይሩዝ በመስኮት የሰማችው መዝሙር ነበር፣ እሱን ዘምሪ ተባለች።"

"ግማሹን ነው የዘመርኩ" አሉ አዴ ፈይሩዝ እንዳፈሩ። "ግማሹን አላውቀውም።"

ሳህሊቱ መደቧ አጠገብ ተንበረከከች። ሣሩን በመዳፏ ስትዳስስ እስከ ዛሬ ያልመጣ ለቅሶ መጣ፤ አልከለከለችውም። ድንጋዩ የከበበው ሥፍራ ሰፊ መሆኑን ያየችው እንባዋን ስትጠርግ ነው። በቀኝ በኩል አፈሩ ከፍ ብሎ ጠጠር ተነጥፎበታል፤ በግራ በኩል ግን ልሙጥ ሣር ብቻ ነው።

"ይሄ ማን ነው?" አለች።

"ማንም። የኡስታዝ ህሩይ ነው" አሉ ኦቦ ሙሄዲን። "አባቴ ሚስቱን ሲቀብር የባልየውን ቦታ ተወ። ከተፈታ በኋላ መጥቶ እንደነበር ሰማን። አባቴ ያን ቀን ገለምሶ ገበያ ነበር፤ ሲመለስ አባትሽ ሄዷል። አይቶ፣ አልወደደው ይሆናል አልን። አባቴ ግን ይመጣል አለ። ሲሞት አደራ ሰጠኝ። ጫት ሲወደድ ልጆቼ እንትከልበት አሉኝ፣ እኔ አይሆንም፣ ሰው አለው አልኩ።"

ሳህሊቱ ስልኳን አወጣች። አባቷን ለምታስታምመው ልጇ ለዮሐና ደወለችና "ጆሯቸው ላይ ያዢላቸው" አለቻት። የአባቷ ትንፋሽ መጣ።

"አባባ፣ አገኘኋት።"

"ዋርካው ሥር ናት?"

"አይደለችም።"

"ምንጩ ዳር?"

"አይደለችም፣ አባባ። እርስዎ ከታሰሩ በኋላ ቤቷ ወደ ሌላ ቦታ ተነሥታለች። የኡመሬ ማሳ ላይ ናት። ማንም አላረሳትም።"

አባቷ ግራ ገብቷቸው ደጋግመው "ኡመሬ? ኡመሬ?" አሉ። ልታስረዳቸው ስትጀምር ኦቦ ሙሄዲን እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሏት።

"ኡስታዝ ህሩይ! ሙሄዲን ነኝ፣ የኡመሬ ልጅ። ምነው ቆየህ? ቦታህን እኮ ሣር ወረሰው።"

ከስልኩ የወጣውን ድምፅ ሳህሊቱ ለቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻለችም። ኦቦ ሙሄዲን አዳመጡ፣ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል መለሱ፣ ስልኩን ሰጧት። ከዚያ በግራ በኩል ባለው ሣር ላይ ቆመው በምርኩዛቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ጫታቸው ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ላይ ጭንቀት ታየ።

"አባቴ በዓይኑ ገምቶ ነው የተወው" አሉ። "አባትሽ ረጅም ነበር። ቁመቱ አሁንም ያው ነው?"

ሳህሊቱ ከጠዋት ጀምሮ ከተጠየቀችው ሁሉ መልሱን የምታውቀው ይሄን ብቻ ነበር።

"አይ፣ አጥረዋል" አለች። "እርጅና አሳጥሯቸዋል።"

"እንግዲያ ይበቃዋል" አሉ ኦቦ ሙሄዲን።